ያገለገለ ትልቅ የቤት አውቶሞቢል በላስታ ደጋ ሲመዘን

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በአገልግሎት ዘመኑ ከሚፈጽማቸው ግዥዎች መካከል ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ከፍተኛውን ገንዘብ የሚጠይቀው የተሽከርካሪ ግዥ መሆኑ ይታወቃል። ግዥው በአብዛኛው የሚፈጸመው ለዓመታት በተጠራቀመ ቁጠባ፣ በብድርና ከቤተሰብ በሚገኝ ድጋፍ በመሆኑ ስህተት ከተፈጸመበት ጉዳቱ በቀላሉ የሚታረም አይደለም። በሰሜን ወሎ ዞን በላሊበላ ከተማና በላስታ ደጋማ አካባቢዎች ለሚኖር ሠራተኛ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብም ያለፈ ነው። የሚገዛው አውቶሞቢል ቤተሰቡን ይዞ ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ የሚወጣና ያንኑ ቁልቁለት የሚወርድ ነውና።

በአገራችን ትልቅ የቤት አውቶሞቢል ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጡት እንደ ቶዮታ ካምሪና መርሴዲስ ቤንዝ ያሉት፣ ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ እንደ ፔዦ 504 ያሉት ናቸው። ካምሪ በአሜሪካ መለኪያ በመካከለኛ ደረጃ የሚመደብ ቢሆንም በእኛ ጎዳና ከቪትዝ፣ ከያሪስና ከኮሮላ ጎን ሲቆም ትልቅነቱ አያጠያይቅም። እ.ኤ.አ ከ2002 እስከ 2006 በነበረው ሞዴሉ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ72 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የዚያው ዘመን ኮሮላ 2 ሜትር ከ60 ነው። የ12 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት በወረቀት ላይ አነስተኛ ይምሰል እንጂ ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ ያለውን 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚጓዝ ሰው ጉልበቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው።

ይህን መሰሉን አውቶሞቢል ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች በአብዛኛው የሚያዩት የሞተሩን ጉልበት፣ የወንበሩን ምቾትና የውጭ ገጽታውን ነው። የላስታ መልክዓ ምድር ግን የራሱ የሆነ ሌላ መመዘኛ አለው። በዚህ ጽሑፍ እንደሚብራራው በደጋው የአንድ ትልቅ አውቶሞቢል ዋጋ የሚወሰነው በቅድሚያ በፍሬኑ፣ በሞተር ማቀዝቀዣው፣ ሆዱ ከመሬት ባለው ርቀትና በመለዋወጫው አቅርቦት ነው። ሌላው ከዚህ ቀጥሎ የሚታይ ነው።

ጉልበትና ከፍታ

በአምራቾች መግለጫ ላይ የሚነበበው የፈረስ ጉልበት የሚሰላው በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል። በ2 ሺህ 500 ሜትር፣ ማለትም በላሊበላ ከተማ ከፍታ ገደማ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህሉ ነው፤ በ3 ሺህ ሜትር ደግሞ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱም በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል። በመግለጫው 150 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር ላሊበላ ላይ በግርድፉ ከ115 እስከ 120 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሆኖ ይገኛል። በመግለጫው 70 የፈረስ ጉልበት ያለው አነስተኛ ሞተር ደግሞ ወደ 55 ገደማ ይወርዳል። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገት ላይ ከባድ የጭነት መኪና ለመቅደም በሚሞከርበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ይታያል። ከዚህ አኳያ ትልቅ ሞተር በደጋ አገር ቅንጦት ነው የሚለው አስተያየት ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም።

አዲስ አበባም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በዚያ የተሞከረ አውቶሞቢል ላሊበላ ሲደርስ በጉልበት ረገድ የሚያሳየው ለውጥ አነስተኛ ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም ሌላ ቆላማ ከተማ ላይ የተሞከረ ግን ደጋው ላይ ሌላ መኪና ሊመስል ይችላል። ያም ሆኖ የአዲስ አበባ ሙከራ የማያሳየው ዋና ነገር አለ። ይኸውም ሙሉ ጭነት ይዞ ለብዙ ደቂቃዎች ያለማቋረጥ የሚወጣ ዳገትና ያንኑ ያህል የሚረዝም ቁልቁለት ነው።

የነዳጅ አሰጣጡም መታየት ይኖርበታል። ካርቡሬተር ያላቸው የቀድሞ አውቶሞቢሎች፣ ለምሳሌ የቆዩት የፔዦ 504ና የመርሴዲስ ሞዴሎች፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ይዘው ደጋ ሲወጡ ነዳጁ ከአየሩ ስለሚበዛ ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፣ ነዳጅ ይፈጃሉ፣ ካንዴላቸውም በካርቦን ይሸፈናል። በሙያተኛ ሊስተካከል የሚችል በመሆኑ ይህ ብቻውን መኪናውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ያላቸው ሞዴሎች ግን የአየሩን መጠን እየለኩ ነዳጁን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ስለሆነም ከእነዚህ አንዱ ላስታ ላይ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ምክንያቱ ከፍታው ሳይሆን የተበላሸ መለኪያ ወይም ያለአግባብ የተነካካ ሥርዓት ሊሆን ስለሚችል ገዥው “የደጋ ጠባይ ነው” የሚለውን የሻጭ ማስተባበያ መቀበል የለበትም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ውኃ ወደ ማቃጠያው ክፍል መግባቱን ያመለክታል። ሁለተኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል ምልክት ነው።

የማቀዝቀዣው ጉዳይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ቢሆንም ለደጋ ነዋሪ እጅግ አስፈላጊ ነው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲፈላ በላሊበላ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በ3 ሺህ ሜትር ደግሞ በ90 ዲግሪ ይፈላል። አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ውስጥ ታምቆ የሚቆየው ግፊት ሲሆን ግፊቱን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ወይም ጥቂት የሚያንጠባጥብ ቱቦ በቆላ ሳይታወቅ ለወራት ሊቆይ ሲችል ደጋ ላይ በመጀመሪያው ረጅም ዳገት ሞተሩን ያፈላዋል። አንድ ጊዜ ክፉኛ የፈላ ሞተር ደግሞ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። የክዳኑ ዋጋ ከቴስታታው ጥገና ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን ክዳኑን የሚመረምር ገዥ አይታይም።

ቁልቁለቱ

የላስታ አካባቢ አሽከርካሪ የተሽከርካሪውን ማንነት የሚያውቀው በዳገቱ ሳይሆን በቁልቁለቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማበር ተነስቶ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከዚያም በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ዳግም ወጥቶ ወደ ወልድያ ያመራል። ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወስደው መንገድም በሳንቃና በድልብ በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ደጋው ይወጣል። የወጣ ሁሉ መውረዱ አይቀርም።

ጉዳዩን በስሌት ማየቱ ጠቃሚ ነው። አንድ ትልቅ የቤት አውቶሞቢል ባዶውን 1 ሺህ 400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከሰውና ከጭነት ጋር 1 ሺህ 800 ኪሎ ግራም ቢደርስና 1 ሺህ ሜትር ቁልቁለት ቢወርድ የሚለቀቀው ኃይል፣ ይኸው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሳለ 25 ጊዜ በተከታታይ እንዲቆም ቢደረግ ፍሬኑ ከሚውጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ከፍታ ደግሞ ከ1 ሺህ 700 ሜትር በላይ ነው። ከዚህ ኃይል ከፊሉን የአየር ግጭትና የጎማ መንከባለል ይውጡታል፤ አብዛኛው ግን ወይ በሞተሩ ወይ በፍሬኑ መያዝ አለበት። አሽከርካሪው ሞተሩን ካልተጠቀመበት ሙቀቱ ሁሉ ወደ ዲስኩና ወደ ፓስቲሊያው ይሄዳል። አነስተኛ አውቶሞቢል ክብደቱ ያነሰ በመሆኑ የሚያመነጨው ሙቀትም ያነሰ ነው። የትልቁ አውቶሞቢል ምቾት የሚያስከትለው ዕዳ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ የፍሬን ዘይት የሚጫወተው ሚና ከፍተኛ ነው። በተለምዶ ዶት 3 እና ዶት 4 እየተባሉ የሚጠሩት የፍሬን ዘይቶች አዲስ ሳሉ እንደ ቅደም ተከተላቸው ከ205 እና ከ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እንዳይፈሉ ደረጃው ያስገድዳል። ይሁንና ዘይቱ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በያዘ ጊዜ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅተኛ ደረጃ ወደ 140 እና 155 ዲግሪ ይወርዳል። የፈላ የፍሬን ዘይት ወደ ትነት ይቀየራል፣ ትነት ደግሞ ይጨመቃል፤ በዚህን ጊዜ አሽከርካሪው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም መኪናው አይቆምም። ያገለገለ አውቶሞቢል ሲገዛ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሻጭ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ገዥው እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ወደ ደጋው ከመጓዙ በፊት ሊያስቀይረው ይገባል። ወጪው ከአንድ የጎማ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው።

በከፍታ ላይ ፍሬን የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ። የአሽከርካሪውን እግር የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ ውስጥ ባለው ዝቅተኛ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። የውጭው አየር ግፊት በቀነሰ ቁጥር እገዛው ይቀንሳል፣ ፔዳሉም ጠንከር ያለ እርግጫ ይጠይቃል። ይህ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ቆሞ ሳለ ፔዳሉ ብዙ ጊዜ ከተረገጠና ከጠነከረ በኋላ ሞተሩ ሲነሳ ጥቂት ዝቅ የማይል ከሆነ መሣሪያው ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ፍተሻው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በአንዳንድ አሽከርካሪዎች ዘንድ ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የመልቀቅ ልማድ አለ። ልማዱ አደገኛ ከመሆኑም በላይ የታሰበውን ጥቅም አይሰጥም። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድና የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ይቀጥላል። አብዛኞቹ ትልልቅ አውቶሞቢሎች አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው በመሆኑ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ማንሻውን በ“ዲ” ላይ ትቶ በፍሬን ብቻ የሚወርድ አሽከርካሪ ሞተሩ ሊሰጠው የሚችለውን እገዛ አብዛኛውን ያጣል። ማንሻው ላይ ያሉት ዝቅተኛ ማርሾች የተሠሩት ለዚሁ ነው። ገዥውም በሙከራው ጊዜ ማንሻውን ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አዛውሮ ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው ማየት አለበት። ሳይነጥቅና ሳይዘገይ ካልገባ የካምቢዮው ዕድሜ እያለቀ መሆኑን ይጠራጠር።

ምቾት በጠጠር መንገድ ላይ

ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለው 64 ኪሎ ሜትር መንገድ ለብዙ ዓመታት በጠጠር መንገድነቱ ይታወቃል። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስና ወደ ሌሎች ገዳማት የሚወስዱት መንገዶችም እንዲሁ። በአስፋልት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚንሳፈፍ ትልቅ አውቶሞቢል በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ሁለት ፈተናዎች ይገጥሙታል። አንደኛው የሆዱ ዝቅተኛነት ነው። የካምሪና የመሰሎቹ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት ባዶ ሳሉ ከ13 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ሰውና ዕቃ ሲጫን ሞላው ስለሚጨመቅ ይህ የበለጠ ይቀንሳል። ከጎማ ዱካ መካከል የሚቀረው የድንጋይ ክምር የሞተሩን የዘይት መያዣ ወይም ማርሚታውን የሚያገኘው ያኔ ነው። ፔዦ 504 ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በአፍሪካ ጎዳናዎች ስሙ የገነነው ረጅም ጉዞ ያለው ሞላ ስለነበረው፣ ጉድጓዱን ውጦ ተሳፋሪውን ስለሚያሳርፍ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቅ አውቶሞቢሎች በአብዛኛው የተነደፉት ለአስፋልት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የጭነት መጠን ነው። ትልቅ አውቶሞቢል ብዙ ይሸከማል የሚለው ግምት በጥንቃቄ መታየት አለበት። ብዙዎቹ የሚፈቀድላቸው ጭነት ሰውን ጨምሮ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አምስት ሰዎች 350 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ቀሪው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ነው። ከዘመድ ቤት የተላከ አንድ ኩንታል ጤፍ ብቻውን ይህን ይጨርሰዋል ወይም ያልፈዋል። የኋላ የዕቃ መጫኛው ሰፊ መሆኑ ክብደቱን እንዲሸከም ተደርጎ ተሠርቷል ማለት አይደለም። ኋላው ዝቅ ብሎ የቆመ ያገለገለ አውቶሞቢል ሲታይ የቀድሞው ባለቤት ይህን ልዩነት ሳያጤን ለዓመታት እንደጫነበት መገመት ይቻላል።

ለመልክ ተብሎ ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ የተገጠመለት አውቶሞቢል በዚህ አካባቢ ፈጽሞ አይመከርም። ስስ ጎማ ድንጋይ ሲመታው ቸርኬው ይጎብጣል፣ ጎኑም ይቀደዳል፤ በአቅራቢያ ያለ ጎሚስታም ልኩን አያገኝም። የጎማው ዕድሜ ጎኑ ላይ በታተሙት አራት አኃዞች ይታወቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። ጥርሱ ያላለቀ፣ ግን ከአሥር ዓመት በፊት የተመረተ ጎማ እንደ አዲስ መቆጠር የለበትም።

የአየር ማቀዝቀዣ በላስታ ብርድ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። በክረምት ጭጋግና ዝናብ ወቅት አምስት ሰው በተሳፈረበት መኪና ውስጥ መስታወቱ በፍጥነት በላበት ይሸፈናል። አየሩን አድርቆ መስታወቱን የሚያጠራው ይኸው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሻጩ “ደጋ ላይ አያስፈልግም” ብሎ የሚያልፈው የተበላሸ የአየር ማቀዝቀዣ የእይታ፣ ብሎም የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ዋጋው የሚነግረንና የማይነግረን

በሌሎች አገሮች ተሽከርካሪ ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። በአገራችን የዚህ ተቃራኒ የሚታይባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ በነበረው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መሠረት የታክሱ ልክ እንደ ሞተሩ መጠን ሲለያይ እስከ 1 ሺህ 300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1 ሺህ 800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1 ሺህ 800 ሲሲ በላይ ደግሞ 100 በመቶ ነበር። ቪትዝና ያሪስ ጎዳናውን የሞሉት፣ ባለ 2 ሺህ 400 ሲሲ አውቶሞቢሎች ደግሞ የጥቂቶች ሆነው የቆዩት በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተሽከርካሪውን ዕድሜም መመዘኛ በማድረግ ባረጁት ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይታወሳል።

የእነዚህ እርምጃዎች ድምር ውጤት በገበያ ላይ ያለው ያገለገለ የቤንዚን አውቶሞቢል ዋጋ ከጥራቱ ይልቅ የመሰሉን አለመገኘት የሚያንጸባርቅ እንዲሆን ማድረጉ ነው። ገዥው ብዙ ገንዘብ ከፍሏል ማለት ጥሩ መኪና ገዝቷል ማለት አይደለም። በዚህ ጸሐፊ እምነት በዛሬው ገበያ ከተሽከርካሪው ዋጋ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለይቶ ማስቀመጥ የማይችል ገዥ ትልቁን ትቶ አነስተኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ያለውን ሁሉ ለሻጩ ከፍሎ የቀረበት ሰው የፍሬን ዘይትና ፓስቲሊያ መቀየሩን ለሚቀጥለው ወር ማስተላለፉ አይቀርም፤ መንገዱ ግን እስከሚቀጥለው ወር አይጠብቀውም።

የነዳጅ ወጪውም መታሰብ አለበት። ባለ 2 ሺህ 400 ሲሲ አውቶሞቢል በተቀላቀለ ጉዞ በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 12 ሊትር ሲፈጅ ባለ 1 ሺህ 300 ሲሲው ከ6 እስከ 7 ሊትር ይበቃዋል። በወር 1 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በዓመት ከ500 ሊትር በላይ ልዩነት ይገጥመዋል። ቤንዚን ከሩቅ በቦቴ ተጭኖ በሚደርስበትና አቅርቦቱ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ የዋጋ ብቻ ሳይሆን የወረፋም ጉዳይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አውቶሞቢል ከነዳጅ ወረፋ ነፃ ከመሆኑም በላይ ሞተሩ አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። በንድፈ ሐሳብ ለላስታ የተሠራ ይመስላል። ሆኖም ላሊበላ በጦርነቱ ሳቢያ በ2014 ዓ.ም ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል መቆየቷ ሲታወስና በረጅሙ መንገድ ላይ የኃይል መሙያ ጣቢያ ማግኘት አስተማማኝ አለመሆኑ ሲታይ ብዙ ሠራተኞች በቤንዚኑ ላይ መቆየታቸው የሚያስገርም አይሆንም።

ወደ አገር የገቡት ትልልቅ አውቶሞቢሎች ጥቂት የማይባሉት ከአሜሪካና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡ ናቸው። ከአሜሪካ የመጣው ርቀትን የሚቆጥረው በማይል መሆኑን ያላስተዋለ ገዥ 100 ሺህ የሚለውን ቁጥር አይቶ ይደሰታል፤ በኪሎ ሜትር ግን ወደ 161 ሺህ የሚጠጋ ነው። መቁጠሪያው ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል በመሆኑም ከቁጥሩ ይልቅ የመሪው ጨርቅ ወይም ቆዳ፣ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክና የአሽከርካሪው ወንበር ጠርዝ የሚሰጡት ምስክርነት ይበልጣል። ምንጣፉ ሲገለጥ የሻገተ ሽታ ወይም ዝገት ከተገኘ ጎርፍ የነካው ሊሆን ይችላል። ሞዴሉን ለይቶ ማወቅም ጠቃሚ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ ከ2007 እስከ 2009 የተመረቱ ባለ 2 ሺህ 400 ሲሲ ካምሪዎች ከመጠን በላይ ዘይት የመፍጀት ችግር ታይቶባቸው አምራቹ በአሜሪካ ለደንበኞቹ የዋስትና ማራዘሚያ መስጠቱ ይታወቃል። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ 2 ሺህ 200 ሲሲ ሞተር ደግሞ የጊዜ ቺንጊያው የላስቲክ በመሆኑ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ መቀየር ይኖርበታል። መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ቺንጊያ ወዲያውኑ መቀየር አለበት።

መለዋወጫን በተመለከተ ለኮሮላና ለቪትዝ የሚሆን ዕቃ በወልድያና በደሴ በቀላሉ ሲገኝ ለትልልቆቹ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ማስላክ ያስፈልጋል። አውቶሞቢሉ በጋራዥ ቆሞ የሚጠብቅባቸው ቀናት በግዥው ዕለት የማይታሰብ ወጪ ናቸው። በመሆኑም አንድን ሞዴል ከመምረጥ በፊት ፓስቲሊያው፣ የራዲያተሩ ቱቦና የፊት ኩሽኔታው የት እንደሚገኝና ስንት እንደሚሸጥ መጠየቅ ይገባል።

ሰነዱን በሚመለከት በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በአካል ከሚታዩት ጋር መመሳሰላቸው፣ የዓመታዊ ምርመራው ቦሎና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን ጊዜያቸው ያላለፈ መሆኑ፣ እንዲሁም ተሽከርካሪው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት ዕግድ ያልተያዘ መሆኑ ከመዝጋቢው አካል መረጋገጥ አለበት። ከቀረጥ ነፃ ገብቶ የነበረ ከሆነ ቀረጡ ተከፍሎ ስለመጠናቀቁ ማስረጃ ሊቀርብ ይገባል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጨረታ የሚቀርቡ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች በሰነድ ረገድ የተሻለ እምነት የሚጣልባቸው ቢሆኑም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት ባሉበት ሁኔታ ነው። አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ የቆሙ ናቸው። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ባትሪው፣ ጎማውና የፍሬን ሲሊንደሮቹ እንደሚጎዱ ተጫራቹ በሚያቀርበው ዋጋ ውስጥ ሊያካትተው ይገባል።

ሙከራውን በተመለከተ የሚበጀው ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ ሳያሞቀው ማለዳ መድረስ፣ ከአራት ሰዎች ጋር መሳፈርና ከተቻለ ከወልድያ ወደ ድልብ ወጥቶ መመለስ ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሐል ያለፈ እንደሆነ ይታያል። ቁልቁለቱ ሲያበቃ ቆሞ መውረድና በአራቱም ጎማዎች አጠገብ ማለፍ ነው። ቸርኬው ሳይነካ፣ እጅ ጠጋ ተደርጎ ከአንደኛው ጎማ የሚወጣው ሙቀት ከሌሎቹ በጣም የበለጠ ከሆነ የዚያ ጎማ ፍሬን ይይዛል ማለት ነው፤ አንደኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ አይሠራም። የተቃጠለ ሽታ ካለ ፓስቲሊያው ወይም የፍሬን ሸራው ተፈትቶ መታየት አለበት። ሻጩ ለዚህ ሙከራ ፈቃደኛ ካልሆነ የሚቀርበው የዋጋ ቅናሽ ምንም ያህል ቢሆን ግዥው ቢቀር ይመረጣል።

ስምምነት ላይ ከተደረሰ በኋላ በሙከራው የታዩት ጉድለቶች በውሉ ላይ በዝርዝር እንዲጻፉ ማድረግ ለሁለቱም ወገኖች ይጠቅማል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ደንግጓል፤ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭም ከዋስትናው ነፃ እንደሚሆን በውሉ ቢጻፍ እንኳ ሕጉ አይቀበለውም። ገዥው ግን ጉድለቱን እንዳወቀ በአፋጣኝ ለሻጩ ማሳወቅ ያለበት በመሆኑ ውሉ በሚመለከተው አካል ዘንድ በተረጋገጠ ሳምንት ውስጥ አውቶሞቢሉን ከሻጩ ጋር ግንኙነት ለሌለው ጋራዥ አሳይቶ የምርመራ ውጤቱን በጽሑፍ መቀበል ይኖርበታል።